ሁለት በር ያለው ቤታችን

ሽፌዬ፣ የልጄ አባት፣

እንደ ደብዳቤ ወግ «ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ ልጀምር ስል እጄ እምቢ አለኝ። እኔ እታገኝ ነኝ፣ እታጉህ። ኅዳር ላይ ከተለየኸን ወዲህ ሙት ዓመትህ ወጣ፣ ገናም ጥምቀትም አለፉ፣ ይኸው የካቲት ገብቶ የአሰበ ተፈሪ ንፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው ይውላል። በተንኳኳ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ታውቀኛለህ መቼም። «አንቺ እኮ ጥላሽ ቢከተልሽ ለፖሊስ የምታመለክቺ ሴት ነሽ» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። አሁን የሚስቅብኝ ጠፍቶ ፍርሃቴ ልጓም የሌለው በቅሎ ሆኗል።

ሰናይት ደህና ናት። የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣራው ላይ ወረወረችው። «የኛ ጣራ ላይ ወረወርኩት» እያለች ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ አወራች። በኪራይ ቤት ብንሆን የሰው ጣራ ላይ ነበር የምትወረውረው። እኔ ደግሞ ልጄ ስትቦርቅ፣ የዛገው ቆርቆሮ በጥርስ ይበሳ ይሆን እያልኩ ቀና ብዬ አየሁ። እንግዲህ ሚስትህ ይቺ ናት፣ አልተለወጠችም።

የተቀመጥኩት ስለ ቤታችን ልጽፍልህ ነው። ቤቱን ያገኘህበትን ቀን አስታውሳለሁ። ከጤና ጣቢያ ስትመለስ ነጭ ጋውንህን እንኳ ሳታወልቅ ቤት አገኘሁ አልከኝ። ከአንዱ የቀበሌ ቤት ወደ ሌላው ስንንከራተት፣ ጣራው ሲያፈስ ማመልከቻ ስንጽፍ ስለኖርን፣ ቤት የሚለውን ቃል ስትናገር ድምፅህ ተለውጦ ነበር። ዓረቡ ነጋዴ ጠቅልለው ድሬዳዋ ሊገቡ ነው፣ ለኛ ሊሸጡልን ተስማምተዋል፣ ቀበሌውም ፈቅዷል አልክ። እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሂርና ገበያ ላይ አቡጀዲ ሲሸጥ ነው ያደግሁት። ዕቃ ሳላገላብጥ አልገዛም። ሄጄ ቤቱን አገላበጥኩት።

ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ መሀሉ ላይ ተሰንጥቋል። በጎን በኩል ወደ ግቢው የሚከፈት ጠባብ የመኖሪያ በር አለው። ፊት ለፊት፣ ዋናው መንገድ ላይ ደግሞ ባለ ሁለት ተካፋች ሰፊ የሱቅ በር። ሱቁንና መኖሪያውን በውስጥ የሚያገናኝ በር ግን አልነበረም፤ ዓረቡ ምሳቸውን በልተው ሱቅ ለመግባት በግቢው ወጥተው በመንገድ ይዞሩ ነበር። አንተ ግድግዳውን በመዳፍህ እየመታህ ስትደሰት እኔ ዓይኔ በሮቹ ላይ ነበር። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት፣ ትርፉ የመንግሥት ነው በተባለበት ዘመን ባለ ሁለት በር ቤት ይገዛል? ሁለት ቤት ነው ይሉንና ግማሹን ወስደው የማናውቀውን ሰው ያስገቡብናል አልኩህ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ብዬ ተረትም ጨመርኩልህ።

አንተ ከግቢው ከሰል አንስተህ መጣህና ግድግዳው ላይ በር ሣልክ። እዚህ ጋ እንከፍታለን፣ የሱቁን በር እንደፍነዋለን፣ ከውጭም ከውስጥም አንድ ቀለም እንቀባዋለን፣ አንድ ቤት ሆነ በቃ አልከኝ። ሰናይትን እሽኮኮ አድርገህ በሣልከው በር ልታልፍ ስትሞክር ጉልበትህን ግድግዳው መታህና ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን። ቤቱን የወደድኩት ያን ጊዜ ነው። እንዲያውም መጋረጃው ምን ዓይነት ይሁን ብዬ ማሰብ የጀመርኩት እየተመለስን መንገድ ላይ ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ፣ አንተው ታውቀዋለህ። ዕቃችንን ከጆንያ ሳንፈታ ለክትባት ሥራ ወደ ሚኤሶ ቆላ ወረድክ፤ ስትመለስ ትኩሳት ይዞህ መጣህ። ስንቱን ከወባ ያተረፈ ሰው የራሱ በረታበት። የሱቁ ክፍል ነፋሻ ነው ብለን ከዓረቡ መደርደሪያ ሥር አነጠፍንልህ። ውሃ ላሞቅልህ ስል ድስቱ የትኛው ጆንያ ውስጥ እንደገባ ጠፍቶኝ ስተራመስ የነበረው እስካሁን ያቃዠኛል። አዴ መይሙና፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን፣ ከቤታቸው የሞቀ ውሃ ይዘው ሲደርሱ አንተ አልፈሃል። በዚያው በሰፊው የሱቅ በር ተሸክመው አወጡህ። ገና ዕድር እንኳ አልገባንም ነበር፤ ስማችንን በቅጡ የማያውቅ ሰፈር ነው አልቅሶ የቀበረህ።

እናትህ የደረሱት ሠልስትህ ካለፈ በኋላ ነው። ቴሌግራሙ ደብረ ብርሃን ዘግይቶ ደረሳቸው፤ ከዚያ እዚህ ድረስ ደግሞ መንገዱን ታውቀዋለህ። ሲገቡ ለቀስተኛው እንደ አዲስ እሪ አለ፣ እኔም እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እሳቸው ግን አንዲት ዘለላ እንባ አላወጡም። ክፍሉን በዓይናቸው ዞሩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«በየት በኩል ወጣ?»

የሱቁን በር አሳየኋቸው። ጓዛቸውን ደጃፉ ላይ አስቀመጡና እዚያው ተቀመጡ። በቃ፣ ያ መቀመጥ ነው ዓመት የቆየው፤ የሱቁ ክፍል ማደሪያቸው ሆነ። የአርባህ ዕለት ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፣ ቤት የሚጠብቅ ሰው ይቅር ብለው ቀሩ። ሙት ዓመትህ ሲወጣም እንደዚያው። ሰዉ ልባቸው ደንዝዞ ነው ይል ነበር፣ እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። አገርዎ ይግቡ እንዳልላቸው እናትህ ናቸው፤ ከኛ ጋር ወደ ውስጥ ይግቡ ብላቸው እሺ አይሉም። የዓረቡን መደርደሪያ ላስነሳ ብልም አስጣሉኝ። አንተ ከሱ ሥር እንደተኛህ የነገርኳቸው እኔው ነኝ፣ ምን ልበል።

ቤቱን ቤት ማድረግ በኔ ላይ ወደቀ። ግንበኛው ሙሜ በከሰል በሣልከው ቦታ ላይ ግድግዳውን ሲከፍተው ሰናይትን ይዤ መንገድ ዳር ነበር የዋልኩት። ድንጋዩ ጣራውን ተሸክሞ ከሆነ አለቀልን እያልኩ መዶሻው በተሰማ ቁጥር ልጄን ወደ ኋላ እስብ ነበር። ጣራው አልወደቀም። ሙሜ በአቧራ ነጭ ሆኖ ወጣና፣ ኧረ ግቢ እህቴ፣ በዓረቡ ዘመን ያልወደቀ ጣራ ዛሬም አይወድቅም አለኝ። ውስጡን ኖራ ቀባነው። ኮርኒሱን ከአባቴ ሱቅ በተረፈ አቡጀዲ ወጥሬ ሠራሁት። በከፈትነው በር ላይ መጋረጃ ሰቀልኩ፤ የመስኮቶቹም ከዚያው ጣቃ ነው፣ አንድ ቤት እንዲመስል። ለሬዲዮንህ ዳንቴል ሠራሁለት። ዳንቴል የምሠራው ሲጨንቀኝ መሆኑን ታውቅ የለ፤ ቤቱ ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰው የውሃ ባልዲው ብቻ ነው።

ቀለሙ ላይ ጉድ ሆንኩልህ። ከውጭ ዙሪያውን አንድ ዓይነት መቀባት አለበት ብዬ ከተማውን ባስስ የተገኘው አረንጓዴ ብቻ ነው። ምን አለበት፣ አረንጓዴ ልምላሜ ነው ብዬ አስቀባሁት። በማግሥቱ ጠዋት በሩ ላይ ሴቶች ቅርጫትና የስኳር ካርዳቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ለካ በከተማው ያለው የቀበሌ ሱቅ ሁሉ በዚያው አረንጓዴ ነው የተቀባው፤ ያ በር ደግሞ ድሮም ሱቅ ነው፤ አዲስ ሱቅ ተከፈተልን ብለው ነው። እኔ እዚያው ፈዝዤ ቀረሁ። የመንግሥት ቤት እንዳይባል የደከምኩበትን ቤት በገዛ እጄ የመንግሥት አስመሰልኩት። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ የሚባለው ለኔ ነው።

እናትህ ግን ደስ አላቸው። ሰልፈኛውን አንድ ባንድ እየያዙ ያስቀምጡ ጀመር። ከአዴ መይሙና የተማሯት ኦሮምኛ ሁለት ቃል ናት፣ «ኮቱ፣ ታኢ»፣ ነይ ተቀመጪ ማለት ነው። መንገደኛውን ሁሉ ኮቱ ታኢ ይሉታል፣ ከበደሳ ቡና ጭኖ የሚመጣውን ሾፌር ሳይቀር። አዴ መይሙና አማርኛቸው ብዙ አይደለም፣ እናትህም ከሁለቱ ቃል ውጭ አያውቁም፤ ሁለቱ ግን ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያወሩ ይውላሉ። ምን እንደሚባባሉ እግዜር ይወቅ። እናትህ ከወሬው መሀል ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ሲጥሉ፣ ከላይ የሚወርድ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ሲያዩ አንገታቸውን ሲያሰግጉ አያቸው ነበር። እኔ የማየው ግን ሌላ ነገር ነበር። በራሷ በር የምትወጣ የምትገባ፣ እንግዳ የምትቀበል ሌላ እማወራ ያለች ይመስልብናል እያልኩ ነበር የምቃጠለው።

ታኅሣሥ ላይ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ቤት እንደገና ይቆጠራል ተባለ። ስብሰባው ሲበተን ሴቱ ሁሉ የሚያወራው ስለ በር ነበር፤ ወደ መንገድ የራሱ በር ያለው ክፍል ለብቻው ቤት ሆኖ ይመዘገባል፣ የገለምሶ ሰዎች እንደዚያ ሆኖባቸዋል ይባላል። ማን እንደነገራቸው የሚያውቅ የለም። ለኔ ግን ወሬው በቂ ነበር። ያ ክፍል ከተወሰደ እናትህ የት ይወድቃሉ? መጋረጃውን ገልጦ ማን ሊገባብን ነው? አንተ በሌለህበት ከማላውቀው ሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ልጅ ላሳድግ ነው? ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሄጄ እናትህ አጠገብ ቁጭ አልኩና ነገሩን በሙሉ አስረዳኋቸው። በሩ መደፈን አለበት፣ ሽፈራውም ያሰበው ይህንኑ ነበር አልኳቸው።

«ልጄ የወጣበት በር አይደፈንም» አሉኝ።

ለመንኳቸው። ተቆጣሁም፣ አልዋሽህም። ልጅዎን ብቻ አይደለም፣ የልጅ ልጅዎንም ያስቡ እንጂ አልኩ፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደምን አደርሽ ከማለት በቀር አላናገሩኝም። ጥር ሲገባ ነጠላቸውን አጣፍተው ለሥላሴ የምነግረው አለኝ፣ አሰቦት ገዳም ልሄድ ነው አሉ። እግርዎ አይችልም፣ ቆላ ነው፣ ሐሩር ነው ብል ማን ሰምቶኝ። ከሚሄዱት ምዕመናን ጋር አሳፈርኳቸው። ሲሄዱ ለአዴ መይሙና በሩን በእጃቸው እያሳዩ አንድ ነገር ነገሯቸው። ጠብቂልኝ ማለታቸው መሆን አለበት፤ አዴ መይሙና ከዚያ ወዲህ በርጩማቸውን ይዘው እየመጡ ደጃፉ ላይ ይቀመጡ ነበርና።

ሽፌ፣ እናትህ ገዳም የሰነበቱበትን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። በአንድ በኩል ቆጣሪዎቹ ዛሬ ነገ ይመጣሉ። በሌላ በኩል እናትህ በዚያው ይቀሩብኝ ይሆን፣ መንገድ ላይ ይወድቁብኝ ይሆን። ድንጋይ አስመጥቼ በሩ አጠገብ አስከምሬያለሁ። ሙሜ ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ጭቃ ላቡካ ይለኛል፤ ነገ እለዋለሁ። በማግሥቱም ይመጣል፤ ነገ እለዋለሁ። አሮጊቷ ሳይመለሱ ብንጨርሰው አይሻልም ወይ ሲለኝ እሺ ልል አፌን እከፍትና አሁንም ነገ ይወጣኛል። ራሴን ስጠይቅ የማገኘው መልስ እናትህን ላለማስቀየም ነው የሚል ነበር። አዴ መይሙና ሲያዩኝ «ሂን ሶዳቲን»፣ አትፍሪ ይሉኛል። ፍርሃት አትፍሪ ሲሉት የሚሄድ ቢሆን ኖሮ በአንተ ጊዜ ይሄድልኝ ነበር።

እናትህ አንድ ቀን ወደ ማታ ላይ መጡ። አቧራ ለብሰዋል፣ ከስተዋል። እግራቸውን አጠብኳቸው። በሩንም የድንጋይ ክምሩንም አዩ። እኔም ነገ ቆጣሪዎቹ ወደኛ መስመር ይገባሉ መባሉን ሳልነግራቸው አደርኩ፤ መንገደኛ ሰው እንዴት በዚያ ይቀበሏል።

ጠዋት ስነሳ የድንጋይ ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ባይ እናትህ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው በደፉ ላይ ድንጋይ ይደረድራሉ። አንዱን መደዳ ጨርሰዋል። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ገዳሙ ላይ ክርስትና ስሙን ከሙታን ጋር ሲጠሩት ሰማሁ» አሉኝ። «ወልደ ሥላሴ አሉ። እኔ እኮ ሬሳውን አላየሁም፣ እታገኝ። ሳላየው ምኑን አለቅሳለሁ? በየት ወጣ ብላችሁ በር አሳያችሁኝ፤ የወጣ ሰው ይመለሳል ብዬ ተቀመጥኩ።»

ሽፌ፣ ዓመት ሙሉ አብሬያቸው ስኖር ይህን አላወቅሁም። ልባቸው ደንዝዞ ነው ስንል፣ እሳቸው እየጠበቁህ ነበር። የአርባህ ዕለት ቤት የጠበቁት ለዚህ ነበር። ነጭ ልብስ የለበሰ ባዩ ቁጥር አንገታቸውን የሚያሰግጉት ጋውንህ መስሏቸው ነበር።

ሙሜ ሲመጣ ጭቃ አቡካ ብለው አዘዙት። እሱ እየገነባ፣ እናትህ ከውስጥ ሆነው ድንጋይ እያቀበሉ፣ እኔ ከውጭ ጭቃ እያቀበልኩ ግንቡ ወገባችን ደረሰ። አዴ መይሙና በርጩማቸው ላይ ሆነው ይመለከቱናል። ደረታችን ጋ ሲደርስ እናትህ የሚታዩኝ ከአንገታቸው በላይ ሆነ። ከዚያ ሻሻቸው ብቻ። የመጨረሻው ድንጋይ ከላይ ሲገባ ከግንቡ ኋላ ጩኸት ሰማሁ። ልጄን፣ ልጄን፣ ልጄን እያሉ ነበር። ዓመት ሙሉ ያልወጣ ለቅሶ ነው፤ ሙሜ መዶሻውን ጥሎ ፊቱን አዞረ። እጄ በጭቃ እንደተለወሰ በግቢው ዞሬ፣ በጓዳ አልፌ፣ አንተ በሣልከው በር ገብቼ አቀፍኳቸው። አዴ መይሙናም ደርሰው ከኛ ጋር አለቀሱ። ቀብርህ ለሁለተኛ ጊዜ የተፈጸመ ያህል ነበር።

ያን ዕለት ማታ እናትህ የላምባ ምድጃቸውን ይዘው ወደኛ መጡ። እስከዚያ ድረስ ጾሜ ከናንተ ይከብዳል እያሉ ለብቻቸው እፍኝ ሽሮ እያበሰሉ ነበር የሚበሉት። ምድጃውን ማድቤት አስቀመጡና፣ ከእንግዲህ አብረን ነው ብለው ከመሶባችን ቆረሱ። ሰናይት ሮጣ እሳቸው ጎን ተቀመጠች።

በማግሥቱ ቆጣሪዎቹ መጡ። እንዴት እንደጨነቀኝ! ጭቃው አልደረቀም። በአረንጓዴው ግድግዳ ላይ ያ እርጥብ ምርጊት ሱሪ ላይ እንደተጣፈ ጨርቅ ከሩቅ ይታያል። ትናንት የደፈኑት ነው ብለው ባሻጥር ይይዙኛል አልኩ። መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ንፋስ ያስቸግረን ነበር ልል ነው፣ ሌባ ልል ነው፣ ስንቱን አጠናሁት መሰለህ። መዝገብ የያዘው ሰውዬ ምርጊቱን አየ፣ አለፈው። ግቢ ገባ። ማድቤቱ በር ላይ ቆመና እዚህ ግቢ ስንት ቦታ ነው የሚበሰለው አለኝ። አንድ አልኩት። አሮጊቷስ ለብቻቸው ያበስላሉ ወይ አለ። አይ፣ አብረን ነን አልኩ።

«አንድ ምድጃ፣ አንድ ቤት» አለና ጻፈ።

በሩስ አልኩት፣ አፌን መቆጣጠር አቅቶኝ። እኛ በር አንቆጥርም እህቴ፣ ስንት በር እንዳላችሁ ምን ያገባናል ብሎ ወደ ጎረቤት ሄደ። ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ነው ያለቀው። ሽፌ፣ በሩ አይቆጠርም! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያላስተኛኝ በር አይቆጠርም። ማድቤት ገብቼ ባልዲው ላይ ተቀመጥኩ። እናትህ ሽንኩርት ይልጣሉ። እማማ ይቅር ይበሉኝ፣ በሩን በከንቱ አስደፈንኩብዎ፣ እነሱ እኮ የሚቆጥሩት ምድጃ ነው አልኳቸው። ዛሬውኑ ሙሜን ጠርቼ አስፈርሰዋለሁ አልኩ።

«ለእነሱ ብዬ መሰለሽ እንዴ የደፈንኩት?» አሉኝና ሽንኩርታቸውን መላጥ ቀጠሉ።

እዚያው እንደተቀመጥኩ ሙሜን ለምን ነገ ነገ ስለው እንደሰነበትኩ አሰብኩ። ድንጋዩ ተከምሮ ነበር። እናትህ አሰቦት ነበሩ። ፍርሃቱ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ፈሪዋ ሚስትህ በአንድ ቀን ማስጨረስ ነበረባት። ለእናትህ አዝኜ ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። እኔ ሬሳህን አይቻለሁ፣ አፈርም ሲለብስ ቆሜ አይቻለሁ፤ እንዲያም ሆኖ እኔም እየጠበቅሁህ ነበር።

ሰናይት አባቴ መቼ ነው የሚመጣው ስትለኝ፣ ሥራው ርቆ ነው እያልኩ ነበር የማሳልፋት። ትናንት ስትጠይቀኝ እጇን ይዤ ወደ መቃብርህ ወሰድኳት። ፊደል ቆጥራ ጨርሳለች፤ መስቀሉ ላይ ያለውን ስምህን በጣቷ እየተከተለች ድምፅ አውጥታ አነበበችው። ስንመለስ ስለ አንተ ንገሪኝ አለችኝ፣ እኔም እስከ ቤት ድረስ ነገርኳት።

አሁንም እፈራለሁ፣ እሱ አይለቀኝም። ዝናቡ ሲመጣ ጣራው ያፈስ ይሆን፣ ልጅቷን ለብቻዬ እችላት ይሆን እላለሁ። አንተን ግን ከእንግዲህ በሩቅ አልፈልግህም። በየዓመቱ ኅዳር ስምህን ከሙታን ጋር አስጠራዋለሁ፤ ሰናይት ስትጠይቀኝ የነበርከውን ሁሉ ሳልደብቅ እነግራታለሁ። ሳልጠብቅህ እኖራለሁ፣ ሽፌ፤ ሳልረሳህ።

እታጉህ
አሰበ ተፈሪ፣ በቤታችን